ጊታሩ ተቀባይ ነው

(ባለፈው ቅዳሜ ለጊታር ተማሪዎችና ለጥቂት የድሮ ሙዚቀኞች ስለ ብሉዝ፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያኑ ሙዚቃ፣ የተናገርኩት ነው። ጊታር ይዤ ስለነበር ግማሹን በጣቴ ነው ያወራሁት። ያንን በቃል ለመተካት ሞክሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል? እሺ።

ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ጠብ ነው። ጠብ ስላችሁ ደግሞ የጊታሪስቶች ጠብ ነው፤ በማኪያቶ ተጀምሮ አስተናጋጁ ወንበር መደራረብ ሲጀምር የሚያልቅ። ከልምምድ ወጥተን አምስት ሆነን ተቀምጠናል። አንዱ ልጅ፣ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ጣቱ እሳት የሆነ ልጅ ነው፣ «የምንጊዜም ትልቁ የብሉዝ ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ነው» አለ። እንደ ቀላል ነገር። ጎኑ ያለው «እንዴ! ቢቢ ኪንግ እያለ?» አለ። ሦስተኛው «አይ፣ ስቲቪ ሬይ ቮን ነው፣ ጨዋታው አለቀ» አለ። አራተኛው ነኝ፣ እኔም አፌን ዘግቼ አልተቀመጥኩም። ጋሼ ብቻ፣ ቤዝ የሚጫወቱልን ጋሼ፣ ስኳራቸውን እያማሰሉ ዝም አሉ። አንዱ «ጂሚ ፔጅስ?» ሲል ማንኪያቸውን አስቀመጡና «እናንተ ልጆች፣ አንድ ጥያቄ መሰላችሁ እንዴ የምትጠይቁት?» አሉ።

ቤቴ ሄጄ ሳስበው ልክ ናቸው። አንዱ «ማነው ጎበዝ ጊታሪስት?» እያለ ነው። ሌላው «ማነው እውነተኛ ብሉዝ የሚጫወተው?» እያለ ነው። ሌላው ደግሞ ሳይታወቀው «ማነው የለፋው፣ ማነው የበላው?» እያለ ነው። ሦስቱም ሊጠየቁ የሚገባቸው ናቸው። አንድ ላይ ሲፈሉ ግን ማንም ማንንም አይሰማም።

እኔ የራሴ መለኪያ አለኝ። ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ተዋርጄ ነው ያገኘሁት።

ከዓመታት በፊት አንድ ሆቴል ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እንጫወት ነበር። ዘፋኟ በዕድሜ ትበልጠናለች፣ ድምጿ ወፍራም ነው፣ ቸኩላ አታውቅም። አንድ ምሽት የቲ-ቦን ዎከርን «ስቶርሚ መንደይ» እንሞክር አለች። እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ በሬን ዘግቼ ሶሎ፣ ጊታሩ ብቻውን የሚወጣበትን፣ ስለማመድ ነው የከረምኩት፣ ከዚህም ከዚያም የለቃቀምኩትን በሙሉ ይዤ ወጣሁ። እሷ አንድ ቃል ስትል እኔ አሥር። ትንፋሽ ስትወስድ አለሁ። ስትጀምርም አለሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ማይኩን ወደ ጎን አደረገችና ዞር ብላ «የኔ ጌታ፣ እኔ ልዝፈን ወይስ አንተ ትዘፍናለህ?» አለችኝ። ማይኩን ያራቀች መስሏት ነበር። አልራቀም። ቤቱ በሙሉ ሰማ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ሰዎች አጨበጨቡ። ለኔ አልነበረም።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ 12 ባሩን፣ የብሉዝ ዘፈን የሚከፋፈልባቸውን 12 የምት ክፍሎች ማለት ነው፣ እንደገና መቁጠር ጀመርኩ።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ብዙው ብሉዝ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፣ ያንኑ ይደግመዋል፣ ሦስተኛው ላይ ይቋጨዋል። ለእያንዳንዱ ስንኝ አራት ባር ይደርሰዋል። ስንኙ ግን አራቱን ባር አይሞላም። ሁለት ባር ላይ፣ ብዙ ከሄደ ሁለት ተኩል ላይ ያልቃል። የቀረው ባዶ ነው። የብሉዝ ጊታር ቤቱ እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። እኔ ያን ቀን ሳሎን ተሰጥቶኝ ሴትዮዋ መኝታ ቤት የገባሁ ሰውዬ ነበርኩ ማለት ነው። (ሳቅ)

ይሄን ነገር እኛ እናውቀዋለን እኮ። አዝማሪው ስንኙን ወርውሮ ዝም ሲል ማሲንቆው ምን ያደርጋል? ሰርግ ላይ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ መቼ ነው የሚገባው? ተቀባይ አውጪው ሳይጨርስ ከገባ ዘፈኑ ይፈርሳል። ከዘገየ ይቀዘቅዛል። የተባለውን ሳይሰማ ዝም ብሎ ቢጮህ ደግሞ «ማነው እሱን የጠራው?» ይባላል። ሚሲሲፒና ጎንደር ዘመድ ናቸው እያልኩ አይደለም፣ እንደዚያ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ አልገባበትም። ጆሯችን ለነገሩ እንግዳ አይደለም ነው የምለው።

እንግዲህ መለኪያዬ ይሄው ነው። ጊታሩ ተቀባይ ነው። ታላቅ የብሉዝ ጊታሪስት ማለት ለኔ የተዘፈነውን ሰምቶ የሚመልስ ነው። ፍጥነቱ፣ ዝናው፣ የሸጠው ሸክላ ብዛት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በዚህ ከሄድን ቢቢ ኪንግ ብዙ አያከራክርም። በ1925 ሚሲሲፒ ተወለደ፣ ሜምፊስ ሬዲዮ ላይ ሠራ፣ በ2015 እስኪሞት ድረስ መንገድ ላይ ነበር። በ1956 ብቻ 342 ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቷል። አስቡት፣ ዓመቱ 366 ቀን ነበር። የጊታሩን ስም ታሪክ አብዛኛችሁ ታውቁታላችሁ፤ አርካንሶ ውስጥ ትዊስት በምትባል ቦታ ሁለት ወንዶች በሴት ተጣልተው የኬሮሲን በርሜል ሲገለብጡ ቤቱ ተቃጠለ፣ እሱ ጊታሩን ሊያወጣ እሳት ውስጥ ተመልሶ ገባ፣ የሴትዮዋ ስም ሉሲል ነበር፣ ከዚያ በኋላ ጊታሮቹ ሁሉ ሉሲል ሆኑ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይሄ ሰውዬ ኮርድ፣ ብዙ ድምፅ ባንድ ላይ ማለት ነው፣ መጫወት ላይ ደካማ እንደሆነ ራሱ በግልጽ ይናገር ነበር። ሲዘፍን ጊታሩን አይነካም ማለት ይቻላል። መዝፈኑን ሲያቆም በሉሲል መዝፈን እንደሚጀምር እሱው ነው የተናገረው። አውጪም ተቀባይም አንድ ሰው ነው፣ ሁለቱ ግን አይደራረቡም።

አሁን እጄን እዩ። ሁለተኛው ክር፣ 10ኛው ፍሬት፣ አንገቱ ላይ ያለው 10ኛው ክፍል። «ላ» የምትባለው ድምፅ ናት። አንድ ጣት ብቻ፣ ሌባ ጣት። አውራ ጣቴን ከጊታሩ አንገት አነሳሁት፣ አያችሁ? መዳፌም አይነካም። ጊታሩ በአንድ ጣት ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። አሁን ከእጅ አንጓዬ ላይ አርገበግባለሁ። ቢቢ ኪንግ ይሄን ያመጣው ቡካ ዋይት የሚባለውን የእናቱን ዘመድ ሊመስል ፈልጎ ነው። ቡካ ዋይት ስላይድ ተጫዋች ነበር፣ ብረቱን ክሩ ላይ እያንሸራተተ ያንቀጠቅጠዋል። ቢቢ በስላይድ አልሆነለትም። በባዶ እጁ ልምሰለው ብሎ ሲታገል ይቺ መርገብገብ ተወለደች። አሁን የዓለም ጊታሪስት በሙሉ ሊኮርጃት የሚሞክራት ነገር አንድ ሰው ሌላ ነገር ሊኮርጅ ሲሞክር ያልተሳካለት ነገር ናት።

ሌላም ላሳያችሁ፣ ይቺ ለኛ ሰው ትጠቅማለች። የብሉዝ አምስቱን ድምፆች ብዙዎቻችሁ ቶሎ ትይዛላችሁ፣ ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት ድምፆቹ እነዚሁ ናቸውና ጣታችን ያውቃቸዋል። ግን ስንጫወተው ብሉዝ አይመስልም፣ ባቲ ነው የሚመስለው። ለምን? ሦስተኛው ክር፣ 5ኛ ፍሬት። በ«ላ» ብሉዝ ማይነር ሦስተኛዋ፣ ዝቅ ያለችዋ፣ ይቺ ናት። አሁን ክሩን ትንሽ ልግፋው። ትንሽ ነው ያልኩት! ከፍ ያለችዋ፣ ሜጀሯ ጋ ሳትደርስ አቁሟት። ማይነርም ሜጀርም ያልሆነች፣ ፒያኖ ላይ ቁልፍ የሌላት ድምፅ ናት። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ይቺን ስለማመድ ሰምተው «ልጄ፣ ጊታርህ ክሩ ላልቷል መሰለኝ» ብለውኛል።

እሺ፣ ወደ ጠባችን።

ክርክሩ ውስጥ ስሙ ያልተነሳ ሰው አለ። ሎኒ ጆንሰን። እጃችሁን አውጡ፣ ማን ያውቀዋል? ሁለት። ጋሼና... እሺ፣ አንተ የፈረንጅ ካልሲ ያደረግከው። ሎኒ ጆንሰን የኒው ኦርሊንስ ሰው ነው። በ1925 ሴንት ሉዊስ ውስጥ የብሉዝ ውድድር አሸንፎ ሸክላ ማስቀረጽ ጀመረ። በ1927 ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር ተቀረጸ። በአንድ ክር ላይ አንድ አንድ ድምፅ እያወጣ እንደ ዘፋኝ የሚሄደውን ሶሎ፣ ዛሬ እኛ «ሊድ» የምንለውን ነገር፣ ከሱ በፊት እንደሱ አድርጎ በሸክላ ላይ ያስቀመጠው ሰው ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ቢቢ ኪንግ ከሱ ተምሬያለሁ ይላል። ሮበርት ጆንሰን አንዳንድ ዘፈኖቹ ላይ ቁጭ ብሎ እሱን ነው የሚመስለው። ታዲያ ይሄ ሰውዬ በ1950ዎቹ መጨረሻ የት ተገኘ? ፊላደልፊያ ውስጥ ሆቴል ሲያጸዳ። መጥረጊያ ይዞ። የሱ የልጅ ልጆች የሚሆኑ የእንግሊዝ ልጆች ጊታር ገዝተው ብሉዝ መለማመድ በጀመሩበት ሰዓት።

በነገራችን ላይ በ1928 እና 1929 ሎኒ ጆንሰን ከኤዲ ላንግ ጋር ሁለት ጊታር ብቻ ሆነው የቀረጿቸው አሉ፣ ዛሬ ማታ ፈልጋችሁ ስሟቸው። ኤዲ ላንግ ነጭ ነው፣ የጣልያን ልጅ። ጥቁርና ነጭ አብረው ተጫወቱ ተብሎ ሸክላ መሸጥ በዚያ ጊዜ አይታሰብም፣ ስለዚህ ኤዲ ላንግ ሸክላው ላይ «ብላይንድ ዊሊ ደን» ተብሎ ተጻፈ። ዓይኑ ግን ደህና ነበር። ያኔ ዓይነ ስውር ጥቁር የብሉዝ ተጫዋቾች ገበያ ላይ ስለነበሩ ስሙ ሰውን እንዲያሳምን ነው። ነጭ ብሉዝ መጫወት ይችላል ወይ የሚለው ክርክር ሲነሳ እኔ ይቺ ትዝ ትለኛለች። ጥያቄው ሳይጠየቅ በፊት ገበያው መልሱን ደብቆ ይሸጠው ነበር።

ከሎኒ ወደ ሮበርት ጆንሰን። እሱን ሁሉም ያውቀዋል፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጠ የሚለውን። ተረቱን ተዉት። ሰን ሃውስ የሚባለው ትልቅ ተጫዋች እንደተናገረው ልጁ መጀመሪያ ላይ ጊታር ሲነካ ሰው የሚያባርር ነበር፣ ከዚያ ጠፋ፣ ሲመለስ አፍ አስከፈተ። የት ሄዶ ነበር? ወደተወለደበት አካባቢ ሄዶ አይክ ዚመርማን ከሚባል ሰው ጋር ሲማር ነበር፣ ሌሊት መቃብር ላይ ቁጭ ብለው፣ ማንም አይረብሻቸውምና። ሰይጣን የለበትም፣ ልምምድ ነው ያለበት። (ሳቅ) እናንተ ግን ከሰይጣኑ ይልቅ ልምምዱ ነው የሚያስፈራችሁ።

በ1936 ሳን አንቶኒዮ፣ በ1937 ዳላስ፣ በጠቅላላው 29 ዘፈን ቀረጸ። በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። የሮሊንግ ስቶንሱ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ መጀመሪያ ሲሰማው «ሌላው ጊታሪስት ማነው?» ብሎ መጠየቁን ራሱ ያወራል። ሌላ አልነበረም። ታችኛው ክር ይረግጣል፣ ላይኛው ይመልሳል፣ መሃል ላይ ሰውዬው ይዘፍናል። በኔ መለኪያ ያልፋል፣ በደንብ ያልፋል። ግን «የሁሉም አባት» ሲባል ቅር ይለኛል። በሕይወት እያለ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ያን ያህል አልተሸጠም፣ ሎኒ ጆንሰን በብዙ እጥፍ ይበልጠው ነበር። የሮበርት ዘፈኖች በ1961 ተሰብስበው እንደገና ሲታተሙ የእንግሊዝ ልጆች እጅ ገቡ፣ እነሱ ታዋቂ ሲሆኑ አስተማሪያችን አሉት፣ ከዚያ እኛም አልን። የታላላቆች ዝርዝር ስታዩ ዝርዝሩን ማን እንደጻፈ ብቻ ሳይሆን ጸሐፊው በ17 ዓመቱ የማንን ሸክላ እንዳገኘም ጠይቁ።

አሁን የኔ ሰውዬ። ሂዩበርት ሰምሊን።

ሃውሊን ዉልፍ የሚባለውን ዘፋኝ ታውቁታላችሁ። ግዙፍ ሰው ነው፣ ድምፁ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ጊታር መጫወት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ወይ ትደፈጠጣላችሁ፣ ወይ ትጮሁና ትጣላላችሁ። ሂዩበርት ሁለቱንም አላደረገም። ልጅ ሆኖ ዉልፍን በመስኮት ለማየት ሳጥን ላይ ሲንጠላጠል መድረኩ ላይ ተንከባልሎ እንደወደቀ ያወራ ነበር። በ1954 ቺካጎ ሄዶ ከዉልፍ ጋር መጫወት ጀመረ፣ መጀመሪያ ላይ እሱም እንደኔ ነበር፣ ዘፋኙ ላይ ይጫወታል። ዉልፍ አባረረው። ቤትህ ሂድና ያለ ፒክ፣ ያለ ክር መምቻው፣ ተለማመድ አለው። ሄደ። ፒኩን ጣለ፣ በባዶ ጣቱ መጣ፣ ድምፁ በሙሉ ተለወጠ።

የ1964ቱን «ኪሊንግ ፍሎር» ስሙ። ከዘፈኑ በፊት ጊታሯን ስሙ፣ ከዚያ ዉልፍ ሲገባ ጊታሯ ምን እንደምታደርግ ስሙ። አንዳንዴ ሁለት ድምፅ ነው። አንዳንዴ አንድ፣ እሷም በጎን የተወረወረች። ያልጠበቃችሁት ቦታ ላይ ትመጣለች፣ ዉልፍ ያጉረመረማትን ታሽሟጥጣለች ልበል? እንደ ነገረኛ ተቀባይ። የሂዩበርት ሶሎ ይሄ ነው ብላችሁ ቆርጣችሁ ልታወጡት ብትሞክሩ ብዙ አታገኙም፣ ምክንያቱም ከዘፈኑ ሲወጣ ትርጉም የለውም። ለዚህ ነው ዝርዝር ላይ ወደ ታች የሚገፋው። እኔ ደግሞ ለዚሁ ነው ወደ ላይ የማወጣው። ዉልፍ እስከሞተበት እስከ 1976 አብረው ነበሩ። ሂዩበርት በ2011 ሲሞት የቀብሩን ወጪ የሸፈኑት የሮሊንግ ስቶንሶቹ ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ ናቸው። ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ያውቃል።

አንዷ ተማሪያችን ባለፈው «ሴት የለም እንዴ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። አለች፣ ያውም ምን የመሰለች። ሜምፊስ ሚኒ። ሌድ ዜፔሊን ታዋቂ ያደረጉትን የጎርፉን ዘፈን በ1929 ከባሏ ከካንሳስ ጆ ማኮይ ጋር ያስቀረጸችው እሷ ናት። በ1942 የዘመን መለወጫ ዋዜማ ቺካጎ ውስጥ አንድ ቡና ቤት የበረዶ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ኤሌክትሪክ ጊታር ስትጫወት ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ አይቷት ጋዜጣ ላይ ጽፎላታል። 1942 ነው የምላችሁ! ትልቁ የቺካጎ ብሉዝ ሰው ሙዲ ዋተርስ ገና ከሚሲሲፒ አልወጣም፣ ቺካጎ የገባው በ1943 ነው። ሌላው የብሉዝ ጊታሪስት ቢግ ቢል ብሮንዚ ከሷ ጋር ተወዳድሮ እንደተሸነፈ ራሱ አውርቷል። ሽልማቱ አንድ ጠርሙስ ውስኪና አንድ ጠርሙስ ጂን ነበር አሉ፣ ዳኞቹ እሷን ተሸክመው ሲዞሩ እሱ ውስኪውን አንስቶ ጠፋ። ብሮንዚ ወሬ ማሳመር ይወዳል፣ ሙሉውን እመኑ አልልም። ግን ወንድ ሙዚቀኛ በሴት መሸነፉን ፈልስፎ ሲያወራ አጋጥሟችሁ ያውቃል?

እሺ ክላፕተን። አየሁህ፣ ወንበሩን አስተካከልክ።

ክላፕተንን መናቅ ፋሽን ሆኗል፣ እኔ አልንቀውም። በ1965 ባንዱ ያርድበርድስ ወደ ፖፕ ሲያደሉ ትቷቸው ወጣ፣ ገንዘቡን ትቶ ማለት ነው። በ1966 ከባንድ መሪው ከጆን ሜዮል ጋር የሠራው አልበም ላይ ሌስ ፖል ጊታር ማርሻል አምፕ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ላይ ሰክቶ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው፣ ስቱዲዮው ውስጥ ያሉ ሰዎች ቀንስ ቢሉት አሻፈረኝ አለ። 21 ዓመቱ ነው። ያ ድምፅ ዓለምን ቀየረ፣ ይሄን መካድ አይቻልም። አስተማሪዎቹንም ደብቆ አያውቅም፣ በየቃለ መጠይቁ የፍሬዲ ኪንግን፣ የቡዲ ጋይን፣ የሮበርት ጆንሰንን ስም ይጠራል። እንዲህም ሆኖ በ1976 በርሚንግሃም መድረክ ላይ ስደተኞች ከአገራችን ይውጡ ብሎ የተናገረው አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የቦብ ማርሌን ዘፈን ዘፍኖ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣ ሰው! የኑሮውን እንጀራ የጋገሩለትን ሰዎች ነው የሰደበው። እንግሊዝ ውስጥ ዘረኝነትን የሚቃወም ትልቅ የሙዚቃ ንቅናቄ የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ እንዳፈረበት ተናግሯል። ጣቱን ያሳንስበታል? አያሳንስበትም። ዘውዱን ልስጠው ስል ግን እጄን ይይዘኛል፣ አልዋሽም።

በመለኪያዬ ብቻ ብሄድ እንኳን ከዚያ ሰፈር የምመርጠው ፒተር ግሪንን ነው። ክላፕተን ሲወጣ ሜዮል ጋር የተተካው እሱ ነው፣ በ1967 ፍሊትዉድ ማክ የሚባለውን ባንድ መሠረተ። ቢቢ ኪንግ የዚህን ልጅ ጊታር ሰምቶ ላብ ላብ እንዳለው ተናግሯል። የምሥራቅ ለንደን ልጅ ነው፣ ሚሲሲፒን በካርታ ነው የሚያውቀው። ግን ዝም ማለት ይችላል። ሁለት ድምፅ ያወጣና ይጠብቃል። ስትሰሙት «አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል» እያላችሁ ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ።

ስቲቪ ሬይ ቮን ላይ ደግሞ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ድሮ ድምፅ ያበዛል እል ነበር። ሀሳቤን የቀየረው በታኅሣሥ 1983 ካናዳ ሃሚልተን ውስጥ ለቴሌቪዥን ከአልበርት ኪንግ ጋር የተቀረጸው ነው። አልበርት ግራኝ ነው፣ የቀኝ ጊታር ገልብጦ ይይዛል፣ ክሩን አልቀየረውም፣ ስለዚህ ቀጭኑ ክር ከላይ ነው። እኛ ወደ ላይ የምንገፋውን እሱ ወደ ታች ይጎትታል፣ ፒክ የለውም፣ በአውራ ጣቱ ነው። መጎተት ደግሞ ከመግፋት ይቀላል፣ በዚያ ላይ ሰውዬው ድሮ ቡልዶዘር ይነዳ ነበር፣ ክንዱ ይታያችሁ። አንድ ድምፅ ይዞ ሁለት ሦስት ፍሬት ሽቅብ ያስኬደዋል። ስቲቪ ዕድሜውን በሙሉ ይሄን ሰው ሲቀዳ የኖረ ልጅ ነው፣ የዚያኑ ዓመት የዴቪድ ቦዊ «ሌትስ ዳንስ» ላይ የተጫወተው ሶሎ ራሱ አልበርት አልበርት ይላል። ታዲያ ሽማግሌው ፊት ሲቀመጥ ምን አደረገ? ቀነሰ። አልበርት ሲዘፍን ኮርድ ብቻ ይዞ ከታች ያነጥፍለታል። አልበርት ስንኙን ጨርሶ ቀና ሲልለት ይመልሳል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ያ ሁሉ ጉልበት ያለው ሰው፣ እንደ ማገዶ ወፍራም ክር የሚጎትት ሰው፣ እንደ ደህና ተቀባይ አፉን ይዞ ይጠብቃል። እዚያ ላይ ፈረምኩለት።

ሄንድሪክስ? «ሬድ ሃውስ»ን ስሙና ኑ፣ አልከራከርም። የሌድ ዜፔሊኑ ጂሚ ፔጅ ታላቅ ጊታሪስት ነው፣ ታላቅ የስቱዲዮ ሰው ነው፣ የብሉዝ ታላቅ ግን አልለውም፤ ለሱ ብሉዙ ድንጋይ ነው፣ ሕንፃው ሌላ ነው። ድንጋዩ ደግሞ የሰው ነበር። ዊሊ ዲክሰን የጻፈውን፣ ሙዲ ዋተርስ የዘፈነውን ሌድ ዜፔሊኖች ወስደው ስሙን ስላላሠፈሩ ዲክሰን በ1985 ከሰሳቸው፣ በ1987 በስምምነት አለቀ። ሦስተኛዋ ጥያቄ ይቺ ናት፣ ማነው የበላው የምትለዋ። ለዚያች ጥያቄ ጊታሪስት ሳይሆን ጠበቃ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

(እዚህ ላይ ያ ጣቱ እሳት የሆነው ልጅ እጁን አወጣ። «ፍጥነት ኃጢአት ነው ማለት ነው?» አለኝ።)

አይደለም፣ ጥሩ ጠየቅክ። ቡዲ ጋይን ውሰድ። ሉዊዚያና ውስጥ ሁለት ክር ባላት በራሱ በሠራት ነገር የጀመረ ልጅ ነው፣ መስከረም 25 ቀን 1957 በባቡር ቺካጎ ገባ፣ ቀኑን እስከ ዛሬ እንደ ልደቱ ይጠራታል። እሱ ከፈለገ ከሁላችሁም ይፈጥናል። ረጅም ገመድ ሰክቶ ከመድረክ ወርዶ በር ድረስ እየተጫወተ ይሄዳል፣ ጊታሩ ይጮሃል፣ ያብዳል። ከዚያ በአንዴ ድምፁን ይቀንሰዋል፣ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ሰው ብርጭቆ ማስቀመጥ እስኪፈራ ድረስ። ፍጥነቱ መልስ ነው፤ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ስላለው ነው የሚፈጥነው። አንተ ባለፈው ስትፈጥን ማን ምን ብሎህ ነበር?

(ሳቀ። «ማንም ምንም አላለኝም» አለ።)

(ከኋላ አንድ ሰው ሦስት ስም ብቻ ጥራ አለኝ።)

ይቺን ፈርቼ ነበር። እሺ። ቢቢ ኪንግ። ሂዩበርት ሰምሊን። ሜምፊስ ሚኒ። ጨረስኩ።

(ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ሎኒስ? ሃያ ደቂቃ ስለሱ አውርተህ ራስህ ረሳኸው?» አሉኝ።)

... ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር። ልክ ነዎት። አሁን እኔም እንደነዚያ ዝርዝር ጻፊዎች ሆንኩ። የቱን ላውጣ ታዲያ? ሚኒን አላወጣም። ቢቢን ካወጣሁ ከዚህ ቤት በሰላም አልወጣም። ሂዩበርትን ደግሞ... አራት ይሁን። ማን ነው ሦስት ያለው?

በሉ ሻይ ሳይመጣ አንድ እንጫወት። ጋሼ ቤዙን ያንሱልኝ፣ በ«ላ» ነው፣ ቀስ ያለ። አንተ ባለ እሳቱ፣ ና ጊታርህን ሰካ፣ ዛሬ አንተ ነህ ተቀባይ። እኔ ኮርድ ብቻ ነው የምይዘው። ማን ነው የሚዘፍነው?